በእማዬ አንገት ያለው ቁልፍ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ነህ? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ? ሥራውስ፣ ያ ቁጡ አለቃህስ እንዴት ይዞሃል? እዚያ ፀሐይ አለ ይሉኛል፤ ካለ ለእኛም ጭምር ሙቅልን። እኔ፣ አባዬና ትንሿ ልጄ ይኸው አለን። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምር ብዕሬን ባነሳ እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ ደህና አይደለችም።

ዝናቡ ከገባ ወዲህ አላባራም። ሲጀምርማ ደስ ብሎን ነበር፤ እማዬ ጎመኑንና ሽንኩርቱን ተክላ "ዘንድሮስ ከገበያ ተገላገልን" ስትል ነበር። ከዚያ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ወረደብን። ሽንኩርቱ መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ፤ ጎመኑን ጎርፉ ከነአፈሩ አንስቶ በኩሽናው በር አስገባልን። አባዬ በዚያ አልታጠፍ ባለ ጉልበቱ ቦይ ሲቆፍር ይውላል፤ ጠዋት ሲነሳ ቦዩ የለም። "ደግሞ ማን ደፈነው?" እያለ ጎረቤታችንን አናጢውን በክፉ ዓይን ያያል። ምስኪኑ አናጢ ግን የራሱን አጥር ጎርፍ ወስዶበት እሱን ሲፈልግ ነው የሚውለው።

የእኔን ሥራ ታውቀዋለህ፣ የሰው ልብስ አጥቤ ነው የማድረው። አሁን ያጠብኩት አይደርቅም። ገመዱን ቤት ውስጥ ወጥሬ፣ በሰው አንሶላና በሰው ሱሪ መሀል እየተሽሎከለክን ነው የምንበላው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሽርጦቹን አሸተተና "ሻጋታ ከፈለግሁማ እኔም ቤት ሞልቶኛል" ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰጠብኝ። ሳቄ መጣ፤ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይህን ሁሉ የማወራልህ ግን ወደ ዋናው ነገር መግባት ፈርቼ ነው። ከእማዬ አልጋ በላይ ያለው ጣሪያ አለቀለት። አናጢውን ብንለምነው፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ እንኳን እኔን ድመትም አይሸከም አለን። ላስቲክ ወጠርንበት፤ ውሃ አቁሮ አቁሮ ተኝታ ሳለች ተዘረገፈባት። ፍራሹን ወዲያ ብንጎትተው ወዲህ፣ የማያፈስ ጥግ የለም። መጀመሪያ ሳል ያዛት፣ ከዚያ ትኩሳቱ ተከተለ። ትናንት ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ደረቷን አዳመጠችና እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ ደረቅ ቦታ ካልተኛች መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም አለችኝ። ደረቅ ቦታማ አለን። ያንተ ክፍል ነው።

ያኔ ድንጋይ ደርድረህ ከፍ አድርገህ የሠራሃት ክፍል አንድ ጠብታ አልገባባትም። ስትሄድ ቆልፈህ፣ ቁልፉን እማዬ እጅ ላይ አስቀምጠህ "ስመለስ እንዳለ ላግኘው፣ አደራ" አልካት። እየሳቅህ ነበር፣ አስታውሳለሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አጠለቀችው፤ እስከ ዛሬ አላወለቀችውም። "የልጄን አደራ አልበላም፤ መጥቶ አልጋው ላይ የአሮጊት በሽታ አይጠብቀውም" ትላለች። አባዬ ተናዶ በሩን ሊሰብር መዶሻ ቢያነሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ "መጀመሪያ እኔን" አለችው። መዶሻውን ጥሎ ወደ ቦዩ ሄደ። እኔም ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ። እሺ ልጄን እንኳ አስገቢያት ብላት፣ ያላትን አንድ ደረቅ ብርድ ልብስ ልጅቷ ላይ ደርባ እሷ እርጥቡ ላይ ተኛች።

ወንድም ጋሼ፣ ጨንቆኛል፤ መላው ጠፍቶኛል። ስታስል እፈራለሁ፣ ዝም ስትል ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። አደራውን የሰጠሃት አንተ ነህና ካንተ በቀር የሚያነሳላት ሰው የለም። የስልኩ ምሰሶ ወድቋል፤ ቢሠራም እንደለመደችው "ደህና ነን፣ ዝናቡም ደግ ነው" ብላ ትዘጋብሃለች። ስለዚህ በራስህ እጅ ጻፍላት፣ ጽሕፈትህን ታውቀዋለች። ይህን ያመጣልህን ሹፌር ደጅህ ላይ አቁመህ ጻፍና በእሱው እጅ ላከው።

ደግሞ "አልጋዬ ላይ ተኚ" ብለህ እንዳትጽፍ። አዝኖልኝ ነው ብላ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። አልመጣም በላት። ክፍሉን አልፈልገውም፣ ኑሮዬን እዚሁ አድርጌያለሁ በላት። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አልጠይቅህም። ልቧ ይሰበራል፣ ታለቅሳለች፣ አውቃለሁ። ታልቅስ። ደረቅ አልጋ ላይ ሆና ታልቅስ።

አባዬ ጉልበቱን እያሸ ሰላም ብሎሃል። ትንሿ ልጄ አጎቴን ሳሚልኝ ብላ በጭቃ እጇ ወረቀቱን ነክታዋለች፤ ጥጉ ላይ ያለው እሱ ነው። አናጢውም ሰማዩ ፋታ ከሰጠው ጣሪያችንን እንደሚያይልን ንገሪው ብሏል። እማዬ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አታውቅም። ከተኛችበት ሆና "ሽንኩርቱ ደርሷል በይው፤ ክፍሉንም ጠብታ አልነካውም በይው፣ አይስጋ" ብላሃለች።

እህትህ
ከክፍልህ ደጃፍ፣ ነሐሴ 19 ቀን