ለባንክ መርዶ የነገረ ሰው አቤቱታ

ለተከበሩ የውጭ ዜጎች መኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለተከበሩ የባንካችን ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የእኔን ጤንነት የሚመሰክር፣ ሐኪም የፈረመበትና ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእጅዎ ስላለ ስለ ራሴ በማውራት አላደክምዎትም። የእርስዎን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን ስላልደረሰኝ ደኅና ነዎት ብዬ እንዲሁ አምኛለሁ። ቤተሰብዎም ደኅና ይሁንልዎ። በተለይ ለባለቤትዎ ረጅም ዕድሜ ይስጥልዎ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

እኔ ዕድሜዬን በብረት ብየዳ የጨረስኩ፣ በአገርዎ በጡረተኛ ፈቃድ የምኖር ሽማግሌ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ወደዚህ የመጣነው ብቸኛ ዘመዳችን የሆነችው የእህቴ ልጅ ዘንድ ለማርጀት ነው። ባለቤቴ ልጅቷ አራስ ሳለች ልትረዳት ቀድማኝ ስለመጣች፣ የእሷ ፈቃድ የሚታደሰው ሁልጊዜ ከእኔ ቀደም ብሎ ነበር። ባለፈው ክረምት ባለቤቴ አረፈች። በአገርዎ መቃብር እንደ ቤት የሚከራይ መሆኑን፣ ውሉን በየዓመቱ ማደስ የሚችለው የጸና ፈቃድ ያለው ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ ወይም ልጅ ብቻ መሆኑን፣ የባል እህት ልጅ እንደማትቆጠር፣ ውሉ ካልታደሰም አጥንቷ ወጥቶ ከማያውቋት ሰዎች ጋር በአንድ ጉድጓድ እንደሚጠቃለል የተነገረን ከቀብሩ በኋላ ነው። የእኔ ፈቃድ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። እንግዲህ ስለተደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ በቁጥር ለይቼ ላመስግንዎ።

አንደኛ። ሕግዎ ጡረተኛ በስሙ ባንክ የተቀመጠና ለወራት ያልተነካ ገንዘብ እንዲኖረው ያዛል። እኛም ደንቡን አክብረን፣ ቤታችንን ሸጠን ያመጣነውን በሁለታችን ስም አስቀምጠን፣ ቢርበንም ቢጠማንም ሳንነካው ኖረናል። ባንኩ ውስጥ መስኮት ላይ የምትሠራው ልጅ ባለቤቴን “እማማ” እያለች ስለምትጠራት፣ መርዶውን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ከቀብሩ ማግስት የእህቴን ልጅ አስተርጓሚ አድርጌ ሄድኩ። ሰው ሲሞት ለሚያውቁት ሁሉ መንገር ወግ ነው ብዬ ነው፤ ባንክ ሰው አለመሆኑን ረስቼው ነበር። የመስኮቷ ልጅ ከልቧ አለቀሰች። ዕንባዋንም ጠረገችና በዚያው ጣቷ አንድ ቁልፍ ተጭና፣ “አዝናለሁ ጋሼ፣ ሲስተሙ ዘግቶታል” አለችኝ። ምኑን ብላት፣ ሒሳቡን፣ ሞት ሲነገረን እንዘጋለን አለች። “ልጄ፣ እንግዲያው አልሞተችም ብልሽስ?” ብዬ ለመንኳት። “አሁንማ ነገሩኝ እኮ” አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

ሁለተኛ። ሒሳቡን ለመክፈት የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የወራሽነት ማረጋገጫ ጠየቁኝ። ፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማረጋገጫውን ለመስጠት ከዚህ ወር የሚያልፍ የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቀኝ። የእርስዎ ቢሮ ፈቃዱን ለማደስ የባንክ ደብዳቤ ጠየቀኝ። አዲስ ሒሳብ ልክፈት ብልም ቢያንስ ግማሽ ዓመት የቀረው ፈቃድ ካላመጣህ ተባልኩ። የጡረታ አበሌ ደግሞ አንድም ወር ሳያዛንፍ እዚያው የተዘጋው ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ መግባት እንጂ መውጣት የለም። ዕድሜዬን ሙሉ የብረት በር ስሠራ እንዲህ ያለ በር ሠርቼ አላውቅም። ሙያውን ያስተማራችሁን ሰው ባገኘው እጁን እስም ነበር።

ሦስተኛ። የጣት አሻራ ማንሻ መሣሪያዎ ጣቴን አላውቀውም ብሏል። አንዱ ሠራተኛ ጣቴን በእርጥብ ሶፍት ደጋግሞ ካሸው በኋላ፣ ሌባ የያዘ መስሎት “ማን ነው ያጠፋልህ?” አለኝ። የሰው በርና የሰው መስኮት ነው ጌታዬ አልኩት። ይህንንም እንደ ዘለፋ ቆጥሮት ከወንበሩ አስነስቶኛል፤ አንተ ስላለኝ ግን አልተቀየምኩም፤ በአገርዎ ወጣት የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አራተኛ። ሌላዋ ሠራተኛዎ ፋይሉን አገላብጣ ስታበቃ፣ ቀላል ነው፣ ባለቤትዎ ራሳቸው መጥተው ከሒሳቡ ድርሻዬን ለቅቄያለሁ ብለው ይፈርሙልዎ አለችኝ። እኔም፣ እሷ ከተኛችበት አልነሳም ብላለች፣ ብዬ መለስኩ። የእህቴ ልጅ በቋንቋቸው “ሞታለች ነው የሚለው” ብላ ተረጎመችና ወደ እኔ ዞራ፣ “አጎቴ፣ በሞቴ እዚህ አትቀልድ” አለችኝ። ሠራተኛዋ ግን አልተደናገጠችም፤ ሞት የእኛ ክፍል አይደለም፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው አለች። ሁለተኛ ፎቅ ወጣን፤ በሩ ላይ ስብሰባ ነን የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በሌላ ቀንም ሄደን ወረቀቱ እዚያው ነበር። ተመልሰን ብንወርድ፣ እንግዲያው ወደ አገርዎ ይመለሱና እንደ አዲስ ያመልክቱ ብላ መከረችኝ። ምክሩ መልካም ነበር፤ የምመለስበት ቤት ግን ተሸጦ እናንተ ባንክ ተቆልፎበታል።

አምስተኛው ከልቤ የማቀርበው ምስጋና ነው። ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ ፖስታ መጣ። የእኔ መልስ መስሎኝ መነጽሬን ሳላደርግ ቀደድኩት። ውስጡ የባለቤቴ አዲስ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ነው። ለካ ማመልከቻው ሆስፒታል ከመተኛቷ በፊት ገብቶ ኖሮ፣ ሁሉም የተሟላ ሆኖ ስለተገኘ ለአንድ ዓመት ታድሶላታል። ፎቶዋ ላይ ሻሿን አስተካክላ፣ አትሳቂ ስለተባለች አፏን ገጥማ ትታያለች። የእህቴ ልጅ ካርዱን ከእጄ ልትወስደው ሞከረች፤ አልሰጠኋትም። የምሳው ወጥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁለታችንም ከተቀመጥንበት አልተነሳንም።

እንዲህ ሆነ፤ የሞተችው በአገርዎ በሕጋዊ መንገድ ትኖራለች፣ በሕይወት ያለሁት በወሩ መጨረሻ እባረራለሁ። በማግስቱ ግን ካርዱን ገልብጬ ደቃቁን ጽሑፍ የእህቴን ልጅ ሳስነብባት፣ ባለፈቃዷ የትዳር ጓደኛዋን በጥገኝነት ማስመዝገብ እንደምትችል፣ ተመዝጋቢው የባንክ ማስረጃ እንደማይጠየቅ፣ ነገር ግን ከባለፈቃዷ ጋር በአንድ አድራሻ መኖር እንዳለበት ተጽፎ አገኘሁ። ስለዚህ የባለቤቴ ጥገኛ ሆኜ እንድመዘገብ ማመልከቻዬን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ድሮም ጥገኛዋ ነበርኩ።

አድራሻን በተመለከተ፣ ፈቃዴ ካበቃበት ቀን ጀምሮ የምገኘው በመቃብሩ ቦታ፣ ከውኃ ቧንቧው በስተቀኝ ባለው ረድፍ መጨረሻ ላይ ነው። ተጣጣፊ ወንበርና ሁለት ብርድ ልብስ አዘጋጅቻለሁ። ጥበቃውንም አማክሬዋለሁ፤ “አባባ፣ ማታ በሩን ስዘጋ የሚገባውን እመልሳለሁ፤ ውስጥ የቀረውን ግን አልቆጥርም” ብሎኛል። በዚህ አገር በር ያልዘጋብኝ ሰው ቢኖር በር መዝጋት ሥራው የሆነው እሱ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ደብዳቤ አትላክ፣ ይቀየሙሃል ብላ ለምናኛለች። እኔ ግን እርስዎ የሚቀየሙ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን ከላክኋቸው ደብዳቤዎች ቢያንስ አንዱን ባነበቡ ነበር ብያታለሁ።

ቀልዱን ለአንድ መስመር ልተወው። እሷን ከቦታዋ የሚያነሳ ሰው ሲመጣ፣ እኔን እላይዋ ላይ ተቀምጬ ያገኘኛል።

መልካም ፈቃድዎን በአክብሮት የሚጠባበቅ፣

የተቆለፈ ሒሳብ ጌታ፣ አሻራ የሌለው ትሑት አገልጋይዎ፣ የሕጋዊት ነዋሪ ባል፣

ጡረተኛው በያጅ

ማሳሰቢያ፦ አብረን መኖራችንን የሚያጣራ ሠራተኛ ቢልኩ፣ ባለቤቴ እንግዳ ወረፋ አታስይዝምና በፈለገው ሰዓት ይምጣ። የሚጠይቃትን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃት። እኔን እንዳደረጋችሁኝ አንዱን ጥያቄ እየደጋገማችሁ አስቸግራችኋት መልስ ብትሰጣችሁ፣ ኃላፊነቱን አልወስድም።