የእናትህ ጧሪ

ደሴ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1975 ዓ.ም

ይድረስ ለቀድሞ ባለቤቴ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? የአሰብ ወበቅስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ጋ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፋችን ላይ ተኝቷል እንጂ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትህም ዓይናቸው ቢደክምም አንደበታቸው እንደ ድሮው ነው፤ እሱን ታውቀዋለህ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት የምጽፈው ስለሚበዛ፣ ብዕሬም ስለማይታመን ነው። ሾፌሩ ፈንታሁን ከኮምቦልቻ ሲወርድ በእጅህ ይሰጥሃል። ቁጭ ብለህ አንብበው። ተቆጥቻለሁ።

አምና ጽፌልህ ነበር፤ ቀበሌ ሰብስቦን ሊቀመንበሩ ጓድ ደጉ፣ «ከእንግዲህ ጧሪ ያጣ አረጋዊ መንገድ ዳር አይወድቅም፤ ኮምቦልቻ መጦሪያ ቤት ይሠራል» ብሎ ነበር። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሴቶች ማኅበር በኩል ሁለት እሑድ ወርደን ድንጋይ አቀብለናል፤ ወገቤ ይመስክር። ልጅ ያልወለዱ፣ ልጅ የሞተባቸው፣ ፒያሳ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሽማግሌዎች ጣራ ሊያገኙ ነው ብዬ!

ቤቱ አለቀና ምዝገባ መጣ። በረንዳ ላይ ያሉትን የመዘገቡ መሰለህ? የቀበሌ ቤት ይዘው ብቻቸውን የሚኖሩትን ነው እንጂ! አሮጊቷ ወደ ኮምቦልቻ፣ ቤቷ ለሌላ። ለማን እንደሆነ አልጽፍም፤ የቀበሌው ጸሐፊ የሚስቱ እህት ግን የእናትህን በር በስንዝር ስትለካ በዓይኔ አይቻታለሁ። የበረንዳዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ የሚለቁት ቤት የላቸዋ!

እናትህ ተጠሩ፤ አብሬያቸው ሄድኩ። ደጉ ቅጹን ዘርግቶ፣ «እማማ አባይነሽ፣ ጧሪ አለዎት?» አላቸው።

«ልጅ አለኝ» አሉ ቀና ብለው፤ «አሰብ ነው ያለው።»

«ይጦርዎታል?»

ይኸን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። አየህ፣ አይጦረኝም ካሉ በቁምህ ቀበሩህ ማለት ነው፤ ይጦረኛል ካሉ ማኅተም ያለው ወረቀት አምጡ ይባላሉ። አላስችል ብሎኝ ጣልቃ ገባሁ። «ጧሪያቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ሐሰት ነው? ከተፋታን በኋላ እንኳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ማዶ ሆኜ ውሃ የምቀዳላቸው፣ እግራቸውን የማጥባቸው ማን ነው?

«ምናቸው ነሽ?» አለኝ።

«ምራታቸው።»

ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ፍቺሽን እኮ የመዘገብነው እኛው ነን። የቀድሞ ምራት የሚባል ዝምድና ቅጹ ላይ የለም።»

እናትህ ቱግ አሉ። «እኮ ቆላ የምወርደው እኔ ልጦር ነው ወይስ የኮምቦልቻን ትንኝ ልጦር?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደጉ ግን እስከ ዓርብ ከልጃቸው ወረቀት ካልመጣ ቅዳሜ መኪና ይወስዳቸዋል ብሎ ቅጹን አጠፈው።

ያንን ወረቀት ምዝገባው ከተወራ ጀምሮ ከአንተ ሦስት ጊዜ ለምኛለሁ። የመሥሪያ ቤትህ ማኅተም ያረፈበት አንድ መስመር፦ «እናቴን እጦራለሁ።» በቃ! አንተ ምን ላክህ? ለእኔ ሻሽ፣ ለእሳቸው ሰላምታ። ደግሞ በፈንታሁን አፍ፣ «ለመስከረም እመጣለሁ፤ ያፈረስነውን ጎጆ መልሰን እንቀልሳለን፤ ታገሺኝ» አስባልክ። እናትህ ለዓርብ ተቀጥረው አንተ እኔን ለመስከረም ትቀጥረኛለህ?

ሐሙስ ጠዋት ልብሳቸውን ልሸክፍ ስገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ «አልሄድም» አሉኝ። «ልጄ ሲመጣ የማንን በር ሊያንኳኳ ነው?» አሉ። አንተን እኮ ነው! ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማር አለሽ?» አሉኝ። የኩታበር ማር ነበረኝ። «መሪጌታንና ሸሁን ጥሪልኝ። የጡት ልጄ አደርግሻለሁ።»

ጎረቤቶቻችን መሪጌታ ወልደ ሚካኤልና ሸህ ዘይኑልአቢዲን መጡ። መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አውቀሽ ግቢበት» አሉኝ። «በአገራችን ወግ የጡት ልጅ እንደ ማኅፀን ልጅ ነው። ከዛሬ ወዲያ ልጃቸው ወንድምሽ ነው። ነገ እርቅ ቢመጣ እንኳ ከወንድም ጋር ጎጆ የለም። ገባሽ?»

እኔ ማሩን በማንኪያ አማስላለሁ። ማር ምን መማሰል ያሻዋል? ሁለተኛ ጠየቁኝ፤ አማስላለሁ። ሦስተኛ ሲጠይቁኝ፣ «ገብቶኛል አባ» አልኩ። እናትህ አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው፣ ጡታቸውን አስነክተው ዘረጉልኝ። በአርባ ሦስት ዓመቴ ተንበርክኬ ጠባሁ።

«ከእንግዲህ እርስዎ እንዳትዪኝ፤ እናትሽ ነኝ» አለችኝ።

ዓርብ ሁለቱ ሽማግሌዎች የፈረሙበትን ወረቀት ይዘን ቀበሌ ገባን። ደጉ አነበበና፣ «ይህ ኋላ ቀር ባህል ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

ሸሁ ረጋ ብለው፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ኋላ ቀሩ እናት ከጦረ ተራማጁ እስቲ ምን ይሥራ?» አሉት። ተራ የሚጠብቁት አሮጊቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ሐዋ የምትባለዋማ፣ «ሸሁ፣ ማር ከተረፈ ለእኔም ቢሆን ልጅ ፈልጉልኝ!» አለች። መሪጌታ ደግሞ፣ ካልተቀበልከን አውራጃ ድረስ እንሄዳለን አሉት። አውራጃ ሲባል ላብ አጠመቀው። ስሜን ጻፈና ዝምድና ከሚለው ጎን «ልጅ» ብሎ ሞላ።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። እማዬን አልወሰደም። ሐዋን ግን ወሰደ። ጓዟን አንስቼ ሳቀብላት፣ «ድንጋዩን አንቺ አቀብለሻል አሉ፤ ቤቱ ነፋስ ያስገባል?» ብላ ጠየቀችኝ። በቁጣ እንኳ አይደለም የጠየቀችኝ። ሐዋን ከቤቷ ላስነቅል አልነበረም ድንጋይ የተሸከምኩት! በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ እናገራለሁ፤ እስኪ ማጨብጨብ ያስተማረኝ ሰው ዝም በይ ይበለኝ።

አንተም እመጣለሁ ካልክ ና። እማዬ በሯ ላይ ናት፤ ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። ስትመጣ ከእሷ ጋ ታድራለህ፤ እኔ ከግድግዳ ማዶ አለሁ። ስለ ጎጆው ያልከውን ለሌላ ንገር፤ ደግ ሴት አይታጣም። በሠርግህ ቀን እልል የምትል ሰው አታጣም፤ የእኔን እልልታ ታውቀዋለህ።

ባሕሩ በደህና ያኑርህ፤ ሙቀቱ አቅምህን አይንሳው፤ እንጀራህ ይባረክ። እማዬ፣ ከአጠገቤ ተቀምጣ፣ «የረገጥከው ይለምልም በይልኝ» ትላለች። እኔም አሜን ብያለሁ።

እህትህ