ማኅተም ያረፈበት ስንጥቅ

ለተከበሩ የማሽን ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ብዙ ለሚደክመው የማኅተም እጅዎ ሙሉ ጤና እንዲሰጥልኝ እግዚአብሔርን እለምናለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ ስላልሆነ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ ይታገሱኝ።

ስለ መሥሪያ ቤትዎ ከመናገሬ በፊት የራሴን ጉድ ላስቀድም። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ ዛሬ በተዘጋው የጥገና ድርጅት ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ ስሠራ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ መቁረጫውን የተሸከመውን ጋሪ ከሚዞረው ቻክ ጋር አላተምኩት። ቻክ ማለት፣ ክቡርነትዎ ቀርበው ላያዩት ስለሚችሉ ነው የምገልጸው፣ የሚቀረጸውን ብረት በሦስት መንጋጋ ነክሶ የሚያሽከረክር ከባድ ክብ ብረት ነው። ከአንዱ መንጋጋ ሥር የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ወጣበት። እኔም በስቱኮ ደፈንኩት፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት፣ ዝም አልኩ። ብዙም ሳይቆይ የማሽኑ ሞተር በራሱ ጊዜ ተቃጠለና መጋዘን ገባ፤ እኔ ደግሞ ገመናዬን ሸፈነልኝ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ነፍሷን ይማርና ሚስቴ ስለ እኔ ሳታውቀው የሄደችው ነገር ይህ ብቻ ነው።

ዘንድሮ የድርጅቱ ያገለገሉ ቶርኖዎች ሲሸጡ፣ ለጓሮዬ ወርክሾፕ አንድ ልመርጥ ሄድኩ። የቀሩት ሁለት መንታ ማሽኖች ነበሩ። የአንደኛውን ጋሪ የሚሄድበትን ሐዲድ፣ ቶሎ የሚበላው ቻኩ አጠገብ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ዋናውን ዘንግ ይዤ ነቀነቅሁት፤ በመጨረሻም ቻኩን በትንሽ መዶሻ ነካ አደረግሁት። ደህና ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል። እኔ የመረጥኩት ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውን አልነካሁትም። ለምን እንዳልነካሁት እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን።

ከአጠገቤ ጎረቤቴ ቆማ ነበር፤ ሰፈሩ «ብሎን» የሚላት የብረት በር ሠሪ ናት። ይሄኛውስ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። በጣቴ የተለጠፈበትን ባለማኅተም ወረቀትዎን አሳየኋት፤ «ተመርምሮ ጤናማ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። «ጋሼ፣ ከእርስዎ አፍ ቃል ከማውጣት የዛገ ብሎን መፍታት ይቀላል» ብላ ሳቀችና ገዛችው። እኔም ኃጢአቴን ለማኅተምዎ አሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ይህን ሁሉ የሚችል ትከሻ ያለው ማኅተም ስላቆዩልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

አቤቱታዬ እንግዲህ የሚከተለው ነው።

፩. ሞተሩ ከተቃጠለ አሥራ ስምንት ዓመት የሆነውን ማሽን መርማሪዎ «ጤናማ» ብለውታል። የመጋዘኑ ጠባቂ እንደነገረኝ ቅጹን የሞሉት በሩ ላይ ቆመው ነው፤ ወለሉ ዘይት ስለነበረበትና ጫማቸው ነጭ ስለነበር። ጫማው በመትረፉ ደስ ብሎኛል።

፪. ለጸሎት በቆምኩ ቁጥር ያ አረንጓዴ ቀለም እየመጣ ሲደቀንብኝ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የፈለግሁት የእኔ ስም ሳይነሳ እናንተ ማሽኑን እንድትሰበስቡልኝ ነበር። መጀመሪያ የማሽኑ ባለቤት ራሷ ታመልክት ተባልኩ። በሁለተኛው ጸሐፊዎ፣ «አባባ፣ ጤናማ የተባለን ማሽን እኛ እንዴት አድርገን እናሳምመዋለን?» አሉኝ፤ በቅንነት ስለጠየቁኝ አመስግኜ ወጣሁ። በሦስተኛው ማመልከቻዬ ተመዘገበና መልሱ በአሥራ አምስት የሥራ ቀን እንደሚደርሰኝ ተገለጸልኝ።

፫. ብሎን ማሽኑን ከገዛች ወዲህ ባሉት አራት ወራት ከውኃ ፓምፕ በፈታችው ደካማ ሞተር በዝግታ ነበር የምትሠራው። ሰኞ ትክክለኛው ሞተር ተገጠመላት፤ ማክሰኞ በሙሉ ፍጥነት ልታስነሳው ነበር። ዓይኗ ደካማ ስለሆነ፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደሚያስገባ ሰው ፊቷን ቻኩ ላይ ደፍታ ነው የምትሠራው። የተሰነጠቀ ቻክ በዝግታ ሲዞር ይታገሣል፤ በፍጥነት ሲዞር ግን ተፈርክሶ መንጋጋው እንደ ጥይት ይወረወራል። የእናንተ አሥራ አምስት ቀንና የእሷ ማክሰኞ እንደማይገናኙ ለማስላት ስምንተኛ ክፍል በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ከጸሎት ስመለስ ወደ ቤቴ አልታጠፍኩም። ስደርስ ማሽኑ መዞር ጀምሯል፤ እሷም አጎንብሳለች። ሳላንኳኳ ገብቼ ማጥፊያውን ተጫንኩ። ምን ሆኑ ጋሼ አለችኝ። ካራ አንስቼ ቀለሙን ፋቅሁት። ስንጥቁ ረዝሞ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። መዶሻዋን አንስታ ነካ አደረገችው፤ ድምፁ ታፈነ። መነጽሯን አውልቃ ወለወለችው። «አራት ወር ሙሉ በዚህ በር እያለፉ እንደምን አደርሽ ይሉኝ ነበር» አለች። ከጓሮዬ የራሴን ደህና ቻክ ፈትቼ አምጥቼ በእጄ ገጠምኩላት። እሷ መፍቻ ከማቀበል በቀር ቀና ብላ አላየችኝም።

በማኅተምዎ ጥላ ሥር አራት ወር በሰላም የተጠለልኩ፣ የእርስዎን ሸክም ከራሴ ለይቼ ለመመለስ የምተጋ፣ ጥርስ የሌለው ቶርኖ ባለቤትና ታዛዥ አገልጋይዎ

ጡረተኛው ቶርኖ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ የተሰነጠቀውን ቻክ ዛሬ ረፋድ ላይ በጋሪ አምጥቼ የመዝገብ ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ስንጥቁን የሠራሁትና የደበቅሁት እኔ መሆኔን የሚገልጽ ፊርማዬን ከነሙሉ ስሜ አያይዣለሁ። ጸሐፊዎም «ገቢ ደብዳቤ» ብለው መዝግበውታል። እባክዎ አንድ ጊዜ ነካ አድርገው ድምፁን ያድምጡት። መዶሻ ከጠፋ የማኅተሙ እጀታም ይሆናል።