ሦስት እጆች ያልተጻፉበት ቃለ ጉባኤ

ለተከበሩ አቶ ሪድዋን፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ባሉበት

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ለጉሮሮዎ ደግሞ በተለይ፣ ባለፈው እሑድ በአዳራሹ ከመቶ ሃያ አንድ ሰው በላይ ለመሰማት ብዙ ደክሟልና። እኔ አልሐምዱሊላህ አካሌ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ ለመናገር ግን አልደፍርም።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለሚያነቡ እንግዶች ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነኝ። ከመንደራችን ተነስቶ በጨፋ ማሳዎች መካከል እስከ ቦርከና ወንዝ የሚወርደው፣ ሰውና ከብት ለውሃ የሚመላለስበት መንገድ ለሽንኩርት እርሻ ተሰጥቶ በሚመጣው ሐሙስ ሊታጠር ነው። ሥራው ደረጃ በደረጃ እንዲጸድቅ ከታኅሣሥ ጀምሮ ስድስት ስብሰባ ተደርጓል፤ የስድስቱንም ቃለ ጉባኤ የመያዝ ኃላፊነት የእኔ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. መጻፍ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ አዴ ዘምዘም፣ ወይዘሮ አሻና ወይዘሮ ኡምኩልሱም የተቃውሞ እጃቸውን አወጡ። አዴ ዘምዘም ተነስተው «ከራን ቢሻኒ ሂን ጩፈሙ» አሉ፤ በኦሮምኛ የውሃ መንገድ አይዘጋም ማለታቸው ነው። ከፊት ወንበር አንዱ «አዴ፣ ለላምዎ ቧንቧ እናስገባላታለን!» ሲል አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። «ሦስት ተቃውሞ» ብዬ ስጽፍ እርስዎ በትሕትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሦስት ሴት ተቃውሞ አይባልም፤ ወረቀቱን አታበላሽ» አሉኝ። ሰርዤ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። አላስገደዱኝም፤ ይህን ለእርስዎም ለእኔም ፍትሐዊ ለመሆን መመዝገብ ይገባኛል።

2ኛ. ድምፄን ስለተጠቀሙበት አመሰግናለሁ። በልማዳችን እያንዳንዱ ስብሰባ የሚከፈተው ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነቦ ነው። ሴቶች ከኋላ ስለሚቀመጡ ከፊት ያሉት ወንዶች የወጣ እጅ አያዩም፤ ከመድረኩ ላይ የምናየው እርስዎና እኔ ብቻ ነን። ስለዚህ ገበሬው ቃሲም ከወራት በኋላ ሲያገኘኝ «መንገዱ ሲዘጋ ከአዴ ዘምዘም ሌላ ቅር ያለኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ። አንተ እዚያ ቆመህ ‹ሙሉ ድምፅ› ስትል ማን ነኝ ብዬ ልናገር?» አለኝ። በዩኒቨርሲቲ ጥቂቶች የብዙኃኑን ሐሳብ በምን መንገድ እንደሚለውጡ የሚያጠና ትምህርት ወስጃለሁ፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ተቃዋሚው ብቻውን እንዳልሆነ ሲያውቅ እንደሚናገር ተምሬያለሁ። ይህን እያወቅኩ፣ ብቻህን ነህ ብዬ ለአንድ ቀበሌ ሰው በየስብሰባው አነበብኩ።

3ኛ. ሦስቱን ሴቶች ስላልከለከሏቸው አመሰግናለሁ፤ ለመከልከል የሚበቁ መስለው አልታዩዎትም መሰለኝ። በየስብሰባው ያችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ሳይጮኹ፣ ሳይሳደቡ፣ ቃል ሳይጨምሩ። ወይዘሮ ኡምኩልሱም ባል የሞተባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ አንዲት ላም ያላቸው ሴት ናቸው። አጥሩ ሲቆም ላሚቱን በየት ዞረው ውሃ እንደሚያጠጧት ለማወቅ ዙሪያውን በምርኩዝ ሄደው አዩት፤ ለመሄጃ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልተከራከሩም። የተጠራጠረውን ሁሉ «ና አብረን እንሂድ» ማለት ብቻ ነበር ሥራቸው። መጀመሪያ ቃሲም አብሯቸው ሄደ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ ወንድሞች። ለላምዎ ቧንቧ ያለውም ሰውዬ በአምስተኛው ስብሰባ እጁን አውጥቷል፤ ጫማው ገና የዙሪያውን መንገድ አቧራ እንደለበሰ ነበር።

4ኛ. በመጨረሻም፣ ስላለፈው እሑድ። ከመቶ ሃያ አንድ ተሰብሳቢ ሰባ አራቱ አጥሩን ሲቃወሙ እርስዎ አልተደናገጡም። «አምስት ጊዜ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነገር በአንድ ቀን ጫጫታ አይሻርም። ጸሐፊ፣ አንብብላቸው!» አሉ። ተነስቼ አምስቱንም አነበብኩ። የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ወይዘሮ ኡምኩልሱም ብቻ ከኋላ «ተምሯል ብለን ነበር» ብለው ተቀመጡ። ስድስተኛውን ቃለ ጉባኤ እስካሁን አልጻፍኩትም።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ጥንቃቄ የሚወድ ሰው ስለሆንኩ በየስብሰባው የወጡትን የተቃውሞ እጆች በማስታወሻ ደብተሬ የኋላ ገጽ በእርሳስ ቆጥሬ ይዤ ነበር፦ 3፣ 3፣ 4፣ 11፣ 38፣ 74። ይህ ጥንቃቄ ምስጋና የሚገባው እንዳይመስልዎ። የማላውቅ ብሆን ኖሮ ተሳስቻለሁ እል ነበር፤ እውነቱን በኪሴ ይዤ ሐሰቱን ስላነበብኩ ግን ከውሸት ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ስለሆነም አምስቱ ቃለ ጉባኤዎች በድምፅ ቆጠራ ረገድ ሐሰተኛ መሆናቸውን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ የሐሙሱ ሥራ እንዲቆምና ሁሉም ሰው የሁሉንም እጅ በሚያይበት ሜዳ ላይ ዳግም ድምፅ እንዲሰጥ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

እስካሁን በትዕግሥት ላነበቡልኝ፣ ካላነበቡም ለማንበብ ላሰቡልኝ፣ ከልብ የመነጨ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣

ታዛዥነቱ ከልክ ያለፈው የቀበሌው ጸሐፊ
ሙስዐብ አብዶ

ግልባጭ፦
ለአዴ ዘምዘም፣ ለወይዘሮ አሻና ለወይዘሮ ኡምኩልሱም፣ ዘግይቶም ቢሆን

ተጨማሪ፦ ግልባጩን ለሦስቱም አንብቤላቸው «አውፍ በሉኝ» ስል አዴ ዘምዘም «ይቅርታህ ይቆይ። ሐሙስ በጠዋት መንገዱ ላይ እንቆማለን፤ ትመጣለህ ወይስ ትጽፋለህ?» አሉኝ። ስለዚህ ሐሙስ ቢሮ ካጡኝ በከንቱ እንዳይፈልጉኝ፤ ችካል ሊተክሉ ሲመጡ ከፊት ለፊትዎ ቆሜ ያገኙኛል፣ በዚያን ዕለት ደግሞ እስክሪብቶ አልይዝም።