የሺን የሚይዛት ነገር

ሰኞ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2010 ዓ.ም.

ዛሬም ያዛት። የጠዋት በሶዋን እንደጨረሰች ፊቷ አመድ መሰለ። ላብ አጠመቃት፤ ልቧ ከሩቅ ይሰማል። እጄን ጨብጣ "እማ፣ አትልቀቂኝ" አለችኝ። ከዚያ ተኛች። ስትነቃ ምንም ያልነካት ትመስላለች።

አዲስ አበባ ወስደው ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ካሳነሱላት አምስት ወር ሆነ። ውፍረቱና ስኳሩ አንድ ላይ ይገድሏታል ብለው ነው። ታላቋ እታገኘሁ ከሞተችብኝ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ። እሷ ቀን በቀን መንምና ነው እጄ ላይ ያለፈችው። እኔ መክሳት የማውቀው እንደዚያ ነው።

ማክሰኞ 14

ጭጋጉ እስከ ረፋድ አልተነሣም። ጎረቤታችን እማማ አስካለ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ የሺን አዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"እታገኘሁ!"

የሺ ሳቀች። "እኔ ነኝ እማማ። ግማሼ አዲስ አበባ ቀርቶ ነው።"

እሳቸው አልሳቁም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው "እህቷ እየጠራቻት ነው። ጠበል አድርሻት" አሉኝ።

እኔም አይቻለሁ። የየሺ ጉንጭ ሲጎድል የእታገኘሁ ጉንጭ ከሥሩ ወጣ። ኮቴዋም ተለውጧል። ትናንት ከጓሮ ስትመጣ ቀና ብዬ የሟቿን ስም ልጠራ ምንም አልቀረኝም።

ረቡዕ 15

ጓደኛዋ ሸዋዬ ከሞላሌ ልትጠይቃት መጣች። ሁለቱንም በቀዶ ሕክምና ያከማቸው አንድ ሐኪም ነው፣ በአንድ ቀን። ሸዋዬ ግን ብዙም አልቀነሰች። ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ቆሎ እንደምትቆረጥም ራሷ ትናገራለች።

"አንቺን ነፋስ ሊወስድሽ ነው፣ እኔን በቅሎ አይችለኝም! ሐኪሙ የኔን ሳይሰፋው ነው መሰል የረሳው።"

ሳቅን። ከሄደች በኋላ ግን አሰብኩ። ሐኪሙ አንድ፣ ቀኑ አንድ። ለምን የኔዋ ብቻ ታልቃለች?

በሶዋ ላይ ማር ጨመርኩ። እስከ ዛሬ ሁለት ማንኪያ ነበር፣ አራት አደረግኩት። ጣፋጭ እንደከለከሏት ነግራኛለች። ሐኪም ያለውን ሁሉ ለእታገኘሁም አድርጌ ነበር። ምን አተረፍኩ?

"ምነው ጣፈጠ?" አለችኝ።

"የበልግ ገብስ ነው።"

አመነችኝ።

ዓርብ 17

ትናንት አልጻፍኩም። ሁለት ጊዜ ያዛት። በሁለተኛው ወደ ግድግዳው ዞራ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

"ከማን ጋር ነው?"

"እየቆጠርኩ ነው፣ እስኪለቀኝ።"

ዓይኗ ግን በግድግዳው በኩል ያለውን በር ነበር የሚያየው። አሁን ደግሞ እንዳይዛት ብላ መብላት ፈርታለች። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከበሶው ሌላ አንድ እንቁላል ብቻ።

ዛሬ ለሐኪሙ ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አላስቻለኝም፤ "ዶክተር፣ ጓደኛዋ ደህና ናት። ለምን ይቺ ብቻ?" አልኩ።

"እናቴ፣ ቀዶ ሕክምናው አንድ ቢሆንም ሰውነት ይለያያል። ዕድሜ አለ፣ ስኳር አለ፣ መድኃኒት፣ እንቅልፍ፣ ሐዘንም አለ። ቀኑን ሙሉ የሚቆረጥም ብዙ አይቀንስም፤ መብላት የፈራ ደግሞ ከልክ በላይ ይከሳል። የሚይዛት ግን ከምትጠጣው ይመስለኛል። ጣፋጭ ከትንሿ ጨጓራ ቶሎ ወደ አንጀት ሲወርድ እንዲህ ያደርጋል። ምን ትጠጫለሽ የሺ?"

"በሶ ብቻ። ጣፋጭ የለበትም።"

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የማሩን ነገር ዋጥኩት።

ቅዳሜ 18

ያለ ማር ሰጠኋት። ጠጣች። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አልያዛትም። አንዲት ጠብታ ላብ እንኳ የለም።

ነገርኳት። የማሩን፣ የማንኪያውን፣ የገብሱን ውሸት፣ ሁሉንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

"እኔም ያልነገርኩሽ አለ። በያዘኝ ቁጥር እታገኘሁ በሩ ላይ ቆማ አያታለሁ። አትገባም። ዝም ብላ ታየኛለች።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ አልመጣችም።"

እግዚአብሔርን ላመሰግን ስል እንባዬ ቀደመኝ። የሺ ተነሥታ "ከነገ ጀምሮ በሶዬን ራሴ ነው የምበጠብጠው" ብላ ጣሳውን ከእጄ ወሰደች። ልክ ናት።

አንድ ነገር ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። እታገኘሁ የምትታያት ከስታ ነው ወይስ እንደ ጤናዋ ጊዜ? ከስታ ናት እንዳትለኝ ፈርቼ ተውኩት።