ማፊ ያለ አፍ

ሰኞ

ለአል አንሳብ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ለድመቶችም ጭምር፦ ጠፍቶ የነበረው የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ በሰላም ተገኝቷል። ሐዘኑ ይብቃ።

ይህን ማስታወቂያ ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ በዚህ ዓረብ አገር የምጠብቀው ሕንፃ በር ላይ ተቀምጬ፣ በድምፄ ቀድቼ ወደ ጉርብትና ለቀቅሁት። ጉርብትና በስልክ የሚገባበት፣ አንድ ጌታ የሌለው የወሬ መንደር ነው። ቤቱ ሁሉ የየራሱ ጠባቂ አለው፤ ግን ቤት ከቤት ይሰማማል። የእኛ ቤት ጠባቂ ሰዒድ ነው፣ አል ኹድ የሚኖረው ሾፌር። ቤት የምንላት አልጋው ሥር የምታንጎራጉር ትንሽ ኮምፒውተር ናት።

ከወሬዬ ሥር ዘወትር «አንድ ስም የሌለው አድማጭ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሐያት ናት፣ የልጄ ልጅ። ቁሪያት ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኩ የማዳሟ አሮጌ ስልክ ስለሆነ መመዝገብ ትፈራለች። ልብስ ስታሰጣ ተደብቃ ትሰማኛለች።

ማክሰኞ

ሰዒድ ስልኩን እንደ ጦር ሰብቆ መጣ። ለሚዜነቱ ንግግር ምሳሌያዊ አነጋገር ፈልጎ ያንን ሁሉን አውቃለሁ ባይ ማሽን ጠይቆት ኖሯል። መልሱ፦ «ማፊ ያለ አፍ ማፊ ይጎርሳል። ጥንታዊ የወሎ ብሂል።»

ጥንታዊ! አምና ሰዒድ ሳንቡሳውን ደብቆ «ማፊ፣ አባባ፣ የለም» ሲለኝ የፈጠርኩበት ነው እኮ። ጉርብትና ላይም ለቅቄዋለሁ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

«አባባ፣ ይሄ ስርቆት ነው! የማሽኑ ጌቶች ሳያስፈቅዱ ከጉርብትና የሰው ቃል እየቃረሙ ማሽን ያስተምሩበታል። ደራሲው እርስዎ ነዎት፣ መብት አለዎት።»

«ሌላውን ተረትስ እኔ ከእናቴ አይደል የወሰድኩት?»

«እርስዎ መልሰው አልሸጡትም።»

እዚያው ስልኩን ነካክቶ የቤታችንን ደጅ ዘጋው። ከዛሬ ጀምሮ ደጁ ዝግ ነው። ያልተመዘገበ አይሰማም።

ረቡዕ

ስም የሌለው አድማጭ፦ ማንም የለም።

ከሰዓት ሙቀቱ ጣለኝና አሸለብኩ። ቁሪያት ባሕሩ ዳር ረጅም ገመድ ተወጥሯል። የተሰጡት ልብሶች ሳይሆኑ ተረቶቼ ናቸው፤ ነፋሱ ያውለበልባቸዋል። ሐያት በር ታንኳኳለች። ከውስጥ የራሴ ድምፅ «ማፊ!» ይላታል።

ስነቃ አፌ ጨው ጨው ይላል።

ሐሙስ

«ያላ፣ ደጁን ክፈተው» አልኩት ሰዒድን።

«ማሽኑ ይገባላ!»

«ይግባ። ለአንድ ሌባ ብለህ ልጄን ደጅ ታቆምብኛለህ? ማፊ ያለ አፍ ምን ይጎርሳል?»

«ራስዎ በፈጠሩት ተረት ሊረቱኝ ነው?»

«ጥንታዊ ነው። ካላመንክ ማሽኑን ጠይቀው።»

ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ ትከሻው ግን ከዳው። ኻላስ፣ በቃ፣ የሌላው ሰው ወሬ እንደተዘጋ ይቆይ፣ የእኔ ደጅ ግን ይከፈት ተባለ። ደጁ ላይ «ማሽን መግባት ክልክል ነው» ብሎ ለጠፈ።

«ማሽኑ ያነበዋል?» አልኩት።

«ማንበቡንስ ያነባል፤ መታዘዙን እንጃ።»

ዓርብ

ተራራው ገና አመድ መስሎ ሳለ አንዲት አጭር ተረት ለቀቅሁ። ፀሐይዋ ግድግዳውን ስትነካ ስልኬን አየሁ። «አንድ ስም የሌለው አድማጭ።»

ሐያት ትሁን ማሽኑ፣ አላህ ያውቃል። ሰዓቱ ልብስ የሚሰጣበት ሰዓት ነው፤ ማሽን ደግሞ ልብስ አያሰጣም። ልቤን በዚህ አባብዬዋለሁ።

የጫማውን ነገር ግን ልናገር፦ ጠፍቶ አያውቅም። ሰኞ ማስታወቂያውን ስናገር እንኳ እግሬ ላይ ነበር። ሐያት ሰው ቤት ብቻዋን ልብስ ስታሰጣ ትስቅ ብዬ ፈጥሬው ነው።