ግማሽ ማዳበሪያ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

የኦቦ ጉደታ ግድግዳ ይሸታል። ገና ግቢያቸው ስገባ አፍንጫዬን ያዘኝ፤ የሽንት ቤት ዓይነት፣ ዓይን የሚያቃጥል። "ቲቸር፣ እስኪደርቅ ነው አይደል?" አሉኝ። "አመዱ ነው፣ ይለቃል" አልኳቸው። አመድ እንዲህ እንደማይሸት አውቃለሁ፤ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ግን ሦስት ጎረቤት አፍ አፌን እያየ አላውቅም ማለት አቃተኝ።

ነገሩ የጀመረው በኔ ጉራ ነው። አምና ማድቤቴን በጭድ ፋንታ በተጣለ ነገር አስመረግኩ፦ የተከተፈ ማዳበሪያ፣ ከአናጢ ቤት የተጠረገ ሰጋቱራ፣ የምድጃ አመድ። ክረምቱን ሙሉ አንድ ስንጥቅ አላወጣም። ሰበታ ውስጥ ያላሳየሁት ሰው የለም። ጎረቤቴ ኦቦ ጉደታም መጥተው በዱላቸው አንኳኩትና "ለልጄ ሰርግ የምሠራውን ክፍል እንዲህ ነው የማስመርገው፣ ጻፊልኝ" አሉ። ጻፍኩላቸው። ከዚያ ለሥልጠና ቡራዩ ሄድኩ፤ ሳምንት ቆይቼ ስመለስ መርገው ጨርሰዋል።

ረቡዕ፣ 14

ከሥራ በፊት ጎራ አልኩ። ግድግዳው ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል። ኦቦ ጉደታ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ በሥርዓት አጥፈው ይዘው መጡ። "እንኪ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ውስጡን ጭቃው ላይ ገለበጥነው፣ ከረጢቱን ላንቺ አስቀመጥኩልሽ።"

ውስጡን!

እኔ የጻፍኩት ስለ ከረጢቱ ነበር። እዚህ አገር ከረጢቱን ማዳበሪያ የማይል የለም፤ እህል ቢይዝም፣ ከሰል ቢይዝም፣ ባዶም ቢሆን። ግን ለገበሬ "ለአንድ ጉድጓድ ጭቃ ግማሽ ማዳበሪያ" ብሎ መጻፍ ምን ማለት ነው? "የተከተፈ" የምትለዋን ቃል ረስቻለሁ። ለሰኔ እርሻ ያስቀመጡትን ዩሪያ ነው ጭቃ ውስጥ የጨመሩት። "ከብዶኝ ነበር፣ ግን ቲቸር ካለች ብዬ ነው" አሉ።

ከረጢቶቹን ተቀብዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አመስግኜ!

ሐሙስ፣ 15

ዳለቲ ወደቀች። እነ ኦቦ ጉደታ ያለቻቸው አንድ የምትታለብ ላም እሷ ናት። ጠዋት ግድግዳውን ስትልስ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ አይተዋታል፤ ጨው አምሯት ነው ብለው ተዉአት። ስደርስ ሆዷ ተነፍቷል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። የእንስሳት ሐኪሙ "ምን በላች? ሳላውቅ ምን ልስጣት?" እያለ ይጮኻል። "ግድግዳው ውስጥ ዩሪያ አለ" አልኩ። ይቺን ብቻ። ለምን እንደገባ አልተናገርኩም።

አቼቶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው በጠርሙስ ጋቷት። አቼቶውን ከሱቅ ሮጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ግቢ ለመውጣት ምክንያት በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ሐኪሙ ፋታ ሲያገኝ ወደ ኦቦ ጉደታ ዞሮ "አባባ፣ ሰው እንዴት ቤቱን በማዳበሪያ ይመርጋል?" አላቸው። የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ኦቦ ጉደታ አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ "አርጅቻለሁ መሰለኝ" አሉ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ለካ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ዓርብ፣ 16

ዳለቲ ቆማለች፤ ሣር ቀመሰች አሉ። ተመስገን።

ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ ሰውዬው ቤቱ እንዲያድግለት ነው?" ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ጮኼ ዝም አሰኘኋቸው። ምን እንዳስቆጣኝ አልገባቸውም።

ዝም ለማለት ያገኘኋቸው ምክንያቶች፦ ላሟ ድናለች። ሰው ይረሳል። እሳቸው ራሳቸው ምንም አላሉም። ወላጆች ቢሰሙ በትምህርቴም ይስቃሉ። መልሼ ሳነባቸው ሁሉም ስለ እኔ ናቸው፣ ስለ እሳቸው አንድም የለም።

ቅዳሜ፣ 17

ሄድኩ። ግቢው ላሟን ሊጠይቅ በመጣ ሰው ሞልቷል። ልመለስ ስል አዴ ጫልቱ "አካም ጂርታ፣ ነይ ተቀመጪ" ብለው በርጩማ ሳቡልኝ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ከረጢት ማለት ሲገባኝ ማዳበሪያ ብዬ ጻፍኩ። ኦቦ ጉደታ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት። ሐሙስ ዕለት እያወቅኩ ዝም አልኩ።" ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ጉደታ ከኮታቸው ኪስ ወረቀቴን አወጡ። "እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሶች ትምህርት ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ይቺን ስንት ጊዜ አነበብኳት መሰለሽ። ማንበቡን የሳትኩት መስሎኝ ነበር።" ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡልኝ። "እንዲህ ነው አይደል የሚለው?"

"ነው። በትክክል ነው ያነበቡት።"

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ማንበብ አልችልም ብለው ሲያፍሩ የከረሙት በኔ ዝምታ ነው። ከላሟም ከዩሪያውም በላይ ይሄ አሳፈረኝ።

ዩሪያውን እንደምተካ ነገርኳቸው። ከሰዓት ግድግዳውን ስንፍቅ ዋልን፤ የተፋቀውን ከብት እንዳይደርስበት ጓሮ ከምረን በእሾህ አጠርነው። "ማሳው ላይ ብበትነው ለጤፉ ይረዳ ይሆን?" ሲሉ ጠየቁኝ። ብዙው እየሸተተ ተንኖ አልቋል፤ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አልቻልኩም። እንደ ልማዴ አንድ መልስ አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

"አላውቅም፣ ኦቦ" አልኳቸው።

"ደህና። ትንሽ ቦታ ላይ እንሞክረዋለን" ብለው አካፋውን አቀበሉኝ።